የሾላዋ ዲኤክስ ለምን ትፈላ ነበር?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሾላ ገበያ ዙሪያ ላደጉ ወጣቶች መኪና ማለት ዲኤክስ ነበረች። ላዳውም፣ ቮልሱም፣ ሚኒባሱም በመንገዱ ሞልቶ ነበር፤ ወጣቱ ግን ገንዘብ አጠራቅሞ ሊገዛት፣ ገዝቶ ሊፈታታት፣ ፈታትቶም የራሱ ሊያደርጋት የሚመኛት ከኋላ ጎማዋ የምትገፋውን አሮጌዋን ቶዮታ ኮሮላ ነበር። ቸርኬዋ ተቀይሮ፣ ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ብላ፣ ማርሚታዋ ተከፍቶ ከሾላ ወደ እንግሊዝ ኤምባሲ ስትወርድ የቅቤና የበርበሬ ነጋዴ እናቶች ሳይቀሩ ቀና ብለው ያዩአት ነበር።

ይህ ትዝታ ከእነዚያ ዲኤክሶች የአንዷ ነው።

ባለቤቷ ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመረ የሰፈሩ ልጅ ነበር። መኪናዋን ከዘመድ ሲረከባት ሞተሯ ዘይት እየበላ፣ ዳገት ላይ እያቃሰተ ነበር። ፋብሪካ የገጠመላት 4ኬ የሚባለው ሞተር ነው፤ 1,290 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 73። ልጁ ያንን ሞተር ከማሳደስ ይልቅ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከቶዮታ ላይትኤስ ላይ የወጣ 5ኬ የሚባል ሞተር ገዛ። 5ኬ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። የፒስተን ጉዞው ያው 73 ሆኖ ሲሊንደሩ ወደ 80.5 ሚሊ ሜትር ስለሰፋ 1,486 ሲሲ ይደርሳል። ብዙ ዕቃቸው ስለሚገናኝ አሮጌ ኮሮላ በሚወደድበት አገር ሁሉ ይህ ቅየራ የታወቀ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩ ተስተካከለ፣ ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራቶር ተገጠመ፣ ካምቢዮው ግን የድሮው ቀረ። ራዲያተሩም የድሮው ቀረ፤ ይህን ያኔ ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

መኪናዋ ሮጠች። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ዳገት ስትወጣ ከሚኒባሶቹ ቀድማ ትገኝ ጀመር። ግን ትፈላ ነበር።

ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን ነው። የካ ሚካኤል ሲነግሥ የሾላ መንገድ በነጠላ ለባሽ ይሞላል፤ መኪና እንደ ሰው በእግር ይሄዳል። ዲኤክሷ በዚያ ሰልፍ መሀል ቆማ ስትጠብቅ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ወጣ፤ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ፈነዳ፤ ዝገት ያዘለ ውሃ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። አንዲት ነጋዴ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሰጡት። ልጁ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል ከኋላው አንድ ሹፌር ጮሆ አስቆመው። ጩኸቱ ከብዙ ጉዳት አዳነው፤ በግፊት ታምቆ የነበረ ትኩስ ውሃ ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ምክር ዘነበ። አንዱ የውሃ ፓምፑን ቀይር አለው፤ ቀየረ። ሌላው ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣል አለው፤ አወጣ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ ስለነበር፣ ጥፋቱን ሁሉ በቤንዚኑ ያሳበበም ብዙ ነው። ክሱ መነሻ አለው፤ ኤታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስለያዘ የካርቡራቶሩን ቅልቅል ጥቂት ያሳሳዋል፤ የሳሳ ቅልቅል ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። ነገር ግን 5 በመቶ ኤታኖል የሚያመጣው ለውጥ ጤነኛ መኪናን መንገድ ላይ የሚያፈላ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ሲያድግም በከተማው ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ካርቡራቶሮች ሥራቸውን ቀጥለዋል።

እዚህ ላይ ስለ ከተማይቱ ራሷ ትንሽ ማለት ይገባል፤ አዲስ አበባ ላይ መኪና ማፍላት ባሕር ዳርቻ ከማፍላት ይለያልና። ሾላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ በ92 ገደማ ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። የብዙ ቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። እንግዲህ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ይዞ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው በጤናና በመፍላት መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያሰፋው ያ የተናቀ ክዳን ነው። ጤነኛ የዲኤክስ ክዳን ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር ተጽፏል። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ያንን ያህል ተጨማሪ ግፊት እስኪጠራቀም ውሃውን አይለቅም፤ በዚያ ግፊት ሥር ሾላ ላይ ያለ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በአንድ የጎማ ቀለበትና በአንዲት ስፕሪንግ ከ20 ዲግሪ በላይ ይተርፋል ማለት ነው። ስፕሪንጉ ሲደክም ወይም ጎማው ሲደርቅ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ክዳኑ ያው ክዳን ነው።

አየሩም ቀላል ነው። በዚህ ከፍታ አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚያልፈው ነፋስ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ መኪናዋም ቀስ እያለች ብዙ እየዞረች ትወጣለች። ያኔ ከፊት የሚመጣላት ነፋስ በጣም ጥቂት ነው።

የድሮ ሹፌሮች ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። ፊያት በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሰይቼንቶ ሞተሯና ራዲያተሯ ከኋላ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ሆና ስታገለግል የኋላ ክዳኗን በእንጨት ደግፎ ገርበብ አድርጎ ዳገት መውጣት የተለመደ ነበር። አባይ በረሃን የሚያቋርጥ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ ከድልድዩ ተነሥቶ ደጀን እስኪደርስ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚጠብቀው ውሃ የሞላ ጀሪካን ሳይዝ አይወርድም። የሾላው ልጅ ግን የእነዚያ ሹፌሮች ልጅ አልነበረም፤ የሚያውቀው ጓደኞቹ የነገሩትን ነው።

በመጨረሻ ቴስታ ሊያስከፍት ቆርጦ ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ወደታጠረች አንዲት ጋራዥ መኪናዋን አስጎተተ። የጋራዧ ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ በወጣትነታቸው ተግባረ ዕድ የተማሩ መካኒክ ነበሩ። ሰፈሩ ጋሼ እያለ ይጠራቸዋል።

“ጋሼ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል መሰለኝ፤ ቴስታውን ይክፈቱልኝ” አላቸው።

“ቴስታው ምን በደለህ? መጀመሪያ ንገረኝ፤ የምትፈላው ቆማ ነው እየሄደች?”

“ሁለቱንም ነው ጋሼ። ሰልፍ ላይም ትፈላለች፣ ዳገት ላይም ትፈላለች።”

“እንግዲያው ያለብህ አንድ በሽታ አይደለም። አንድ እየፈለግህ ነው ያላገኘኸው።”

ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታሰብ ምርመራው በዚህች ጥያቄ ግማሹ አልቆ ነበር። ቆሞ የሚሞቅና ሲሄድ የሚበርድ ሞተር የሚጎድለው ነፋስ ነው፤ ፋኑን፣ ቺንጊያውን፣ የፋኑን ሽፋን እዩ ይላል። ሰልፍ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚሞቅ ደግሞ ነፋሱ አይደለም ችግሩ፤ ውሃው ሙቀቱን አድርሶ የሚያራግፍበት ቦታ ጠቧል ወይም ተደፍኗል። እንደተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈላ፣ ውሃውን ዓረፋ እየደፈቀ የሚያወጣ ከሆነ ያኔ ቴስታው ይጠረጠራል። ካጠፉት በኋላ የሚደፋ ሲሆን ክዳኑ። ልጁ ዕቃ ሲቀይር የከረመው ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም ሳይጠይቅ ነበር፤ በብዙ ጋራዦችም ዛሬ ድረስ እንዲሁ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ መጀመሪያ የሚከፈተው ቴስታው መሆኑ ነው፤ ከሁሉ የሚወደደውም ከሁሉ የማይመለሰውም እሱ ነው።

ጋሼ የጀመሩት ቴስታውን ሳይከፍቱ ከወንጀሉ ነፃ በማውጣት ነው። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የፋኑን ቺንጊያ ፈቱ፤ ፓምፑ ውሃውን እንዳይበጠብጠው ነው። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞሉት፤ ክዳኑን ሳይመልሱ አስነሡና ዝም ብለው የውሃውን ፊት ተመለከቱ። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ከሲሊንደሩ የሚያመልጥ ጋዝ ጉልጉል እያለ ይወጣ ነበር። አልወጣም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው አዩ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው እንጂ ወተት የገባበት ቡና አልመሰለም። አራቱንም ካንዴላ ፈትተው ደረደሩ፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ በእንፋሎት የታጠበ አልነበረም። “ቴስታህ ደህና ነው። ገንዘብህን ኪስህ መልስ” አሉት።

ቀጥለው ጌጁን ጠረጠሩ፤ ሞተሩ የላይትኤስ፣ ጌጁ የዲኤክስ ነውና። የሙቀት ሴንሰሩን ከሞተሩ ፈትተው፣ በረዥም ሽቦ ከመኪናዋ ጋር እንደተያያዘ፣ ክብ ምድጃ ላይ በሚንተከተክ ድስት ውስጥ ጫፉን ነከሩት። ሾላ ላይ የሚፈላ ውሃ 92 ዲግሪ መሆኑን ስለሚያውቁ ሌላ ቴርሞሜትር አላስፈለጋቸውም። የጌጁ ቀስት ወጥቶ ሲቆም መስተዋቱ ላይ በእስኪሪብቶ ምልክት አደረጉበት። ቀስቱ የቆመው ልጁ እስከዚያ ቀን “ጤነኛ” ሲለው ከነበረው ቦታ እጅግ ርቆ፣ ቀዩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ ያች ነጥብ 92 ሆነች፤ የቀረው በእሷ ይነበባል።

ድስቱ ገና ከእሳት ሳይወርድ ሌላ ነገር መጣ። ልጁ ቴርሞስታቱን ለምን እንዳወጣው ሲጠየቅ የጥገና መጽሐፍ እንዳነበበና በመጽሐፉ እንደሞከረው ተናገረ። የቶዮታ መጽሐፍ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ መከፈት እንደሚጀምር፣ በ95 ዲግሪ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ መታየት እንዳለበት ይጽፋል። ልጁ በገመድ አንጠልጥሎ ድስት ውስጥ ሲቀቅለው ተከፈተ፤ ነገር ግን 8 ሚሊ ሜትር አልሞላም። “ሞቷል” ብሎ ጣለው።

ጋሼ ሣቁ። “እዚህ አገር ውሃ 95 መች ይደርሳል ልጄ? ቶዮታ መጽሐፉን የጻፈው ከባሕር ዳር ሆኖ ነው። እስከ ጠዋት ብትቀቅለው ከ92 አያልፍም። ቴርሞስታትህ ጤነኛ ነበር።”

ይህ ነጥብ ሊደነቅ ይገባዋል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፣ ልጁም በሥርዓት ነው የሞከረው፤ ግን የመጽሐፉ ፈተና ክፍት ድስት ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ ሊፈጸም የማይችል ነው። ደብረ ብርሃን ላይማ ይባስ። ቴርሞስታት ሲወጣ ደግሞ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። በሐምሌ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ረዥም መንገድ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የመመለሻውን መንገድ የሚዘጋ ስለሆነ፣ እሱ ከሌለ ትኩሱ ውሃ ወደ ራዲያተሩ ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። መፍላትን ለማዳን ተብሎ የሚደረገው ነገር በእነዚያ ሞተሮች ላይ ራሱ ያፈላል።

አሁን ነፋሱ ቀረ። ቺንጊያውን መልሰው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ አንድ የአዲስ ዘመን ገጽ ከራዲያተሩ ፊት አስጠጉ። ወረቀቱ በነፋስ ተስቦ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ ነበረበት። የተለጠፈው መሀሉ ብቻ ሆነ፤ አራቱም ማዕዘኑ ይንጠለጠላል፣ ይርገበገባል። ጋሼ አጎንብሰው ከኋላ ተመለከቱና የፋኑ ሽፋን የት እንዳለ ጠየቁ። የ5ኬ ፋን ሲገጠም ሽፋኑን እየነካ ስላስቸገረ ተፈትቶ ተጥሏል። ያ ሽፋን ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ፋኑ የሚስበው አየር በጎን ሾልኮ ከሚመጣ ይልቅ በራዲያተሩ ሙሉ ፊት አልፎ እንዲመጣ ማስገደድ ነው። ሽፋን የሌለው ፋን ከፊቱ ያለውን ክብ ብቻ ያቀዘቅዛል፤ ሌላው የራዲያተር ክፍል ቆሞ ይመለከታል። የኅዳር ሚካኤሉ በሽታ ተገኘ።

የዳገቱ በሽታ በመዳፍ ተገኘ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ጋሼ እጃቸውን በራዲያተሩ ፊት ላይ ቀስ ብለው ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ አሳለፉ። ላይኛው ክፍል ያቃጥላል፤ ታች በግራ በኩል ግን ሰፊ ቦታ ቀዝቃዛ ነው። ውሃ አይደርስበትም። ለዓመታት የተሞላው ኩላንት የሌለው የቧንቧ ውሃ ዝገትና ነጭ ደለል አስቀምጦ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ደፍኗቸዋል። ለ1,290ው ሞተር የቀረው ቱቦ ይበቃ ነበር፤ ለ1,486ው ዳገት ላይ አልበቃም። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ያለ ምንም ትግል ገባላቸው፤ ስፕሪንጉ ሞቷል።

ቀሪው የእጅ ሥራ ነበር። ያ ዘመን ራዲያተር መዳብና ነሐስ ስለሆነ ይፈታል፤ ራዲያተር ሠሪው የላይኛውን ጋን በእሳት አላቅቆ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ወግቶ፣ መልሶ በስታኞ በየደው። ዛሬ አልሙኒየሙ ከፕላስቲክ የተገጠመው ራዲያተር ይህን ዕድል አይሰጥም። ላሜራ ሠሪው ከቆርቆሮ አዲስ የፋን ሽፋን ለክቶ ቆረጠ። 0.9 የተጻፈበት ክዳን ተገዛ፣ ባለ 82 ዲግሪ ቴርሞስታት በቦታው ተገጠመ፣ ኩላንት ተሞላ። ልጁ ጋሼን አሳፍሮ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ ማርያም ወጣ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እያሳለፈ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ዓይኑን ከጌጁ ሳይነቅል። ቀስቱ ከእስኪሪብቶው ምልክት ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ፤ አልጨመረም። አንዲት ጠብታም ውሃ አልፈሰሰችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ግብር አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ዲኤክስ ግን አልሞተችም። በሾላና በኮተቤ መንገድ ዛሬም ትታያለች፤ ወጣቱ ዛሬም ሞተር ይቀይርላታል። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ከዚህ ወግ አልራቁም፤ ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ፣ ፓምፕና ራዲያተር አላቸው፤ የእንጦጦ አየር ለእነሱም የሳሳ ነው።

የሚያሳስበው ነገር ሌላ ነው። ከክፍት ድስትና ከጋዜጣ ገጽ ምርመራ የሚያወጡት ሰዎች እያረጁ ነው፤ ዕውቀታቸውም በየጋራዡ ተበትኖ አልተጻፈም። ተግባረ ዕድም ሆነ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ተማሪዎቻቸውን ማስታወሻና ካሜራ አስይዘው ወደ እነዚህ የቆርቆሮ ጋራዦች ቢልኩ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተር እንዴት እንደሚመረመር የሚናገር የአማርኛ መጽሐፍ ማዘጋጀት ይቻላል። የጃፓኑ መጽሐፍ ያንን አይነግራቸውም።

ሞተር የቀየረ የዲኤክስ ባለቤት ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ እንጦጦን ከመውጣቱ በፊት ክዳኑን በአውራ ጣቱ ይጫነው፣ የፋኑ ሽፋን ቦታው ላይ መኖሩን ይይ፣ ቴርሞስታቱን ያወጣ እንደሆነ ይመልሰው። መንገድ ላይ ብትፈላበት ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፋኖውን ያንሣ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ የላይኛው ጎማ ቱቦም በእጅ ሲነካ በደንብ ሳይቀዘቅዝ፣ እንዳይከፍት።